የሞጣ መናኸሪያ ዱላዎች

ይማም ሞጣ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሆኖ ሲቀጠር የሰጡት አንድ ፊሽካና አንድ ኮፍያ ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ወደ ቢቸና የሚሄደው አውቶቡስ አርባ አምስት ሰው ይይዛል፤ አርባ አምስት ሰው አስገባ፣ በሩን ዝጋ፣ በቃ። ግን ጊዜው ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ነዳጅ በኩፖን ነው፣ አውቶቡሱ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን ይቀራል። ሰው ደግሞ አይቀርም! የገበያ ቀንማ ተዉት። ደካማው በሩ ላይ ሲጋፋ ጉልበት ያለው በመስኮት ይገባል። ጫማ ይጠፋል፣ ዶሮ ታፍና ትሞታለች። አንድ ቀን ይርጋነሽ የምትባል ጌሾ ሻጭ በሩ ላይ ተረግጣ ክንዷ ተሰበረ።

የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጓድ ፋንታ መጣና፣ «ስማ ይማም፣ ሁለተኛ እዚህ ሰው ቢጎዳ የምትጠየቀው አንተ ነህ። የማስርህም እኔ ነኝ» ብሎት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ይማም የአውቶቡስ ጥሩንባ በሰማ ቁጥር ፊሽካውን ነክሶ ወደ በሩ ይሮጥ ጀመር።

መጀመሪያ ሰልፍ ሞከረ። ሰዉን በመስመር አቆመ። እውነት ለመናገር ሰልፉ ቆንጆ ነበር፣ ቄሱ እስኪመጡ ድረስ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው በማዶ ሲያልፉ ያ ሁሉ ሰው ሊሳለም ግር ብሎ ሄደ፤ ሲመለስ ሁሉም አንደኛ ሆኖ ተመለሰ። ሚስቱ ኸይራት ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ሐሳቡ የመጣለት ልቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ለቀስተኛው ዱላውን ውጭ ትቶ ይገባል፤ ሲወጣ እያንዳንዱ የራሱን አንስቶ ይሄዳል። ማንም የማንንም አይነካም። የሰው ዱላ ማንሳት እኮ በዚህ አገር ጠብ መፈለግ ነው! ይማም እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ልቅሶውንም ረሳው።

በማግስቱ መናኸሪያው አጥር ሥር በኖራ ረጅም መስመር አሰመረ።

«ዱላችሁን በመጣችሁበት ተራ እዚህ አጋድሙ» አለ። «ከዚያ ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ ዘመድ ጠይቁ፣ ቄስም ተሳለሙ። ዱላችሁ ቆሞ ይጠብቃችኋል።»

«ተኝቶ ነው እንጂ መች ቆመ!» አለ አንዱ፤ ሰዉ በሳቅ ወደቀ።

ግን አደረጉት። ዱላ የሌላት ሴት የባሏን ወይ የወንድሟን ይዛ ትመጣለች። ይማም ማንበብ ብዙም አይሆንለትም፣ ዱላ ማወቅ ላይ ግን ማን ይደርስበታል! ጫፏ ላይ ሚስማር ያላት የእገሌ፣ እሳት የላሳት የእገሊት ባል፣ ሁሉንም ያውቃል። መስበሃ እንደሚቆጥር ሰው ከአንደኛው እስከ መጨረሻው እየሄደ ባለቤቶቹን በልቡ ይጠራል። አራት ወር ሙሉ አንድ ሰው አልተረገጠም። ሾፌሩ እንኳ፣ «ይሄ ነገር አዲስ አበባ ቢሄድ ጥሩ ነበር» አለው።

እንግዲህ ያን ቀን የራሱ ልጅ ጀዋሂርም ተሳፋሪ ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የጤና ረዳት ለመሆን አመልክታ፣ በማግስቱ ጠዋት ቢቸና ለፈተና እንድትቀርብ ደብዳቤ መጥቶላታል። የሚቀጥለው አውቶቡስ ከነገ ወዲያ ነው። ዛሬ ካልሄደች አለቀ። ይማም የወንድሙን የአብዱልዋሂድን የወይራ ዱላ ይዞ ገና በጠዋት ሲመጣ ሰዉ ከቦ፣ «ዛሬ አውቶቡስ አለ? ነዳጅ መጣ?» እያለ አዋከበው። ለዚህ መልስ እየሰጠ፣ ለዚያ እየማለ፣ ዱላዋን ከሰልፉ ጭራ አጋድሟት አለፈ።

አራት ሰዓት ላይ ቁርስ የሚበላውን ሾፌር ጠርቶ ሲመለስ መስመሩ ባዶ ነው። ኖራው ብቻ። ዱላው ሁሉ በር ላይ እንደ ማገዶ ተከምሯል፣ ጓድ ፋንታ ጠመንጃውን አንግቶ አጠገቡ ቆሟል።

«ጓድ ፋንታ! ምን አደረግኸኝ?»

«ዛሬ አደባባዩ ላይ ስብሰባ አለ፣ ከክፍለ ሀገር ጓዶች ይመጣሉ። ስብሰባ አካባቢ ዱላ ክልክል ነው።»

«ሰልፍ እኮ ነው!»

«ሰልፍ? ሰዉ የታል?»

ሰዉ መጣ። ሃምሳ ሁለት ሰው ከየጥላው ተነሥቶ መጣ፤ ሃምሳ ሁለቱም ዱላውን ከክምሩ መዘዘ፤ አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ ገባ። በሩ ገና ሳይከፈት ሰው ተደረበበት። «እኔ ሦስተኛ ነኝ!» «አንተ መች መጣህና!» አንዲት እናት ልጇን ከራሷ በላይ አንሥታ ትጮሃለች። ይማም የይርጋነሽ ክንድ ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ጮኸ። ፊሽካውን እስኪታፈን ድረስ ነፋና ደረጃው ላይ ወጣ።

«ዝም በሉ! አውቀዋለሁ! ሁሉንም አውቀዋለሁ! ስሙ ያልተጠራ አንድ እግር አያንሳ!»

ዐይኑን ጨፍኖ መስመሩን አሰበ። «አንደኛ ባንቺዓለም፣ ሽመሏ በቀይ ክር የታሰረው። ሁለተኛ ገብረ ክርስቶስ፣ ባለሚስማሩ…» እያለ ጠራ። ሃያ ላይ ሲደርስ ጫጫታው ቆመ። ሠላሳ ላይ ሰዉ ራሱ መንገድ ይለቅ ጀመር። አርባ። አርባ አራት። ከዚያ ይማም ዐይኑን ገለጠ።

የቀረችው አንድ ወንበር ናት። በልቡ መስመር ላይ ደግሞ ሁለት ዱላ ጎን ለጎን ተኝቷል፤ የልጁና የአያ ሣህለ ማርያም፣ ወንድማቸው ቢቸና ታሞባቸው ሊጠይቁ የሚሄዱ ሽማግሌ። ማን ይቀድማል? ጠዋት ዱላዋን ሲያጋድም የሽማግሌው እዚያ ነበር ወይስ አልነበረም? ሰዉ ሲያዋክበው አላየም። በቃ አላየም!

«አያ ሣህለ ማርያም፣ እርስዎ ሲያጋድሙ ከፊትዎ የማን ነበር?»

«ኧረ እኔ ምኑን ዐውቄ ልጄ። አንተ ታውቃለህ ብዬ ጥዬው ሄድኩ።»

ጀዋሂር ደብዳቤዋን በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች። ከኋላ ደምለው የሚባል ትከሻ ሰፊ ሰውዬ፣ «ልጁ ናት አሉ! እስቲ እናያለን!» ብሎ ጮኸ።

ይማም ላቡን ጠረገ። ልጄ ናት ቢል ማን ይከለክለዋል? ግን አላየም። ያላየውን አይቻለሁ ብሎ ልጁን ካሳፈረ፣ ከነገ ወዲያ ማን ዱላውን ጥሎ ጥላ ሥር ይቀመጣል? ሁሉም በሩ ላይ ነው የሚቆመው፣ በሩ ላይ ደግሞ ክንድ ይሰበራል።

«አርባ አምስተኛ አያ ሣህለ ማርያም» አለ። «አርባ ስድስተኛ ጀዋሂር።»

በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ ወጣ። ልጅቷ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል።

«አባ፣ አንድ ዓመት እኮ ነው የጠበቅሁት።»

የይማም ዐይን ግን ድንገት አቧራውን ተከትሎ ከከተማው መውጫ ያለው ኬላ ላይ አረፈ። ኬላው ላይ መሸኛ ወረቀት ይጠየቃል፤ ከቀበሌው መሸኛ ሳይዝ የመጣ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም። ሁልጊዜ ባይሆን እንኳ ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

«ሩጪ!» አለ። «ወደ ኬላው ሩጪ! የሚወርድ ሰው ካለ ተራው ያንቺ ነው!»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ በረረች። የቀሩት ስድስት ሰዎችም ነገሩ ገባቸው፣ ደምለው እግሩን አነሣ።

«አርባ ስድስተኛ እሷ ናት ብያለሁ!» ብሎ ጮኸ ይማም።

ደምለው ልጅቷን አየ፣ ይማምን አየ፣ አጥሩ ሥር ያለውን የኖራ መስመር አየ። «እሺ በቃ» አለና እግሩን መለሰ። አምስቱም ቆሙ። ፋንታ እንኳ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ረስቶ ወደ ኬላው አንገቱን አስግጎ ነበር።

አውቶቡሱ ኬላው ላይ ቆመ። ልጅቷ ገና መንገድ ላይ ናት፣ ነጭ ነጥብ ሆና ትታያለች። ከዚያ አቧራው ሸፈናት። ጥሩንባ ተነፋ፣ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፣ ከጠመዝማዛው ኋላ ጠፋ። አቧራው ሲረጋ መንገዱ ላይ አንድ ሰው በእግሩ ወደ ከተማ ሲመጣ ታየ። እሷ ናት? ይማም ዐይኑን አሸ። እየቀረበ ያለው ሰው ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሟል፣ ደግሞም ይሳደባል።

ኃይለ ሚካኤል ነው፣ ቆዳ ነጋዴው።

«አንተ ይማም! ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድከው? መሸኛዬ የትናንትናው ኮቴ ኪስ ውስጥ ቀርቶ ውረድ ቢሉኝ፣ ከደረጃው እንኳ ሳልወርድ በብብቴ ሥር ሾልካ ገባች! ወንበሬ እኮ ገና አልቀዘቀዘም!»

ይማም አጥሩን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ዱላህን አጋድማት» አለው። «ለከነገ ወዲያው ሰባተኛ ነህ።»