የሚጠብቅ ቀስት

ቤኔዲታ በአሌንቴዥ አውራጃ ካለችው ቤጃ ወደ ሊዝበን የመጣችው የእንስሳትን ጠባይ ልታጠና እንጂ ከኮምፒውተር ጋር ልትታገል አልነበረም። ግን ወንዙ ዳር ባለው ቤተ ሙከራ ያለ ኮምፒውተር የሚሆን ነገር የለም። ደግነቱ ትእዛዙ በጽሑፍ አይደረደርም፤ ማያ ገጹ ላይ ሳጥን ይቀመጣል፣ ከሳጥን ወደ ሳጥን ቀስት ይጎተታል፣ እዚህ አንድ ነገር በሆነ ቁጥር ወሬው በቀስቱ ሄዶ እዚያ ሌላውን ያንቀሳቅሳል። ቤኔዲታ የምታሠለጥናት አይጥ በቤቷ ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳ ውስጥ አፍንጫዋን ስትከት መብራት ይበራል፤ መብራቱ እንደበራ አንድ ጠቋሚ መሣሪያ ሲያረጋግጥ የውሃ ጠብታ ይወርድላታል። ሌላ ውሃ የላትም፤ የሚያስተምራት ጥማቷ ነው። ጭካኔ ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም።

ቀስት አጎታተቱን ያስተማራት ቴልሞ የሚባል ተረበኛ የፖርቶ ልጅ ነው።

«እነዚህን ሁለት ቀስቶች ምን ብለሽ ነው ያገናኘሻቸው?» አላት አንድ ቀን።

«የአፍንጫዋም የመብራቱም ወሬ ሲደርስ ውሃው ይውረድ ብዬ።»

«አንዱ ቢቀርስ?»

«ለምን ይቀራል?»

«እናንተ የአሌንቴዡ ሰዎች ጥላ ሥር ቁጭ ብላችሁ መጠበቅ ታውቁበታላችሁ። ይሄም እንደናንተው ነው፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ተበላሸሁ እንኳ አይልሽም።»

ሳቀች። ነገ አስተካክለዋለሁ እያለች የከተማው ትልቅ በዓል፣ የቅዱስ አንቶኒዮ በዓል ደረሰ።

ቅዳሜ ሄዶ አይጧን የመመዘን ተራው የሷ ነበር። እሷ ግን አልፋማ በሚባለው ሰፈር፣ ለበዓሉ የሰርዲን ዓሣ የሚጠበስበት መንገድ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። አይጧ አፍንጫዋን በከተተች ቁጥር ስልኩ ላይ አንድ ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቦቹ እንደዚያ ቀን ተግተልትለው አያውቁም። ስንት ወር የለፋችበት ትምህርት በመጨረሻ ለአይጧ ገባት ብላ ደስታዋን አልቻለችውም።

«እዩዋት እንዴት እንደምትሠራ» አለች ለጓደኞቿ። «አሁን እኔ ሄጄ ልረብሻት ነው?»

እሑድ ነጥቦቹ ሳሱ። ጠግባ ተኝታለች አለች።

ሰኞ ጠዋት የእንስሳት ተንከባካቢዋ ዶና ኦፌሊያ በሩ ላይ ጠበቋት። የጠቋሚው ሽቦ ተነቅሏል። መብራቱ ሲበራ የሚያረጋግጥ ስላልነበረ ቀስቱ ሲጠብቅ ሰንብቷል፤ ጠብታ ውሃ አልወረደም። አይጧ አፍንጫዋ ቀዳዳው ላይ እንዳለ ሞታለች።

ዶና ኦፌሊያ አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ልጄ፣ ቅዳሜ መጥተሽ አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ» አለች ቤኔዲታ። «ውሃ ስትለምነኝ ነበር። እኔ ለጓደኞቼ እያሳየኋት እስቅ ነበር።»