በከብት ሕግ የተዳኘው ጨዋታ

ባለፈው ወር የመጨረሻዋ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ እስከ ዛሬ ከተሠሩት ቪዲዮ ጌሞች ሁሉ የምትወደው የቱን ነው?» አለችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ምርጫ እያካሄዱ ኖሯል። ስድስት ስም ጠራችልኝና አንዱን ምረጥ አለችኝ። አንዱንም አላውቀውም። «የኔ ምርጫ ባለ ቅርጫቱ ሰውዬ ነው» አልኳት። ስልኳ ላይ ፈልጋ አጣችው። «የለም እኮ» አለችኝ።

አለ። እንዲያውም እኔ እስከማውቀው ድረስ በሽማግሌ የተዳኘ ቪዲዮ ጌም ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ልጄ ስላላመነችኝ ለእናንተ ልጽፈው ወሰንኩ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ከትልቁ ድርቅ ሁለት ዓመት በኋላ። እኔ ቆቦ ከእናቴ ጋር እየኖርኩ ጎብዬ አስተምር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ካሳ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርድ ወዛደር ነበር። አንድ ቀን አንድ የከባድ መኪና ሹፌር በራችን ላይ ቆመና በጋዜጣ የተጠቀለለ እቃ ሰጠን። ከውስጡ «ለመጫወቻ» የሚል ብጣሽ ወረቀትና የሲጋራ ፓኮ የሚያህል ነገር ወጣ።

መስታወቱ ውስጥ አንዲት ጦጣ ዛፍ ላይ ተቀምጣ ፍሬ ትወረውራለች። ከታች ቅርጫት የያዘ ሰውዬ ቆሟል። በሁለት ቁልፍ ሰውዬውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያስሮጡ ፍሬውን ማስቀለብ ነው። ሦስት ጊዜ ያመለጠው ጨዋታው አለቀበት ማለት ነው። ፍሬውን በለስ አልነው፤ ሌላ ስም የሚነግረን ስላልነበረ።

ጥጉ ላይ ሰዓት አለው። በየቀኑ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሩብ ሲሆን ማንም ሳይነካው ይጮሃል። ጩኸቱን እንዴት እንደምናጠፋው አላወቅንም። በሦስተኛው ቀን እናቴ ምክንያቱን ደረሰችበት። «ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት እንድንተሳሰብ ብሎ ሞልቶት ነው የላከው» አለች። እኔም አልተጠራጠርኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ አስር ሰዓት ከሩብ ሲሆን የያዘችውን ሥራ ትታ ትቀመጣለች። የሚጮኸው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ሲያበቃ «በል ደኅና ዋል ልጄ» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የካሳ ደብዳቤ ቀረ። ከአሰብ የመጣ ሰው ለውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን ሄዷል አለን። ከዚያ ወዲያ እናቴ ያቺን አንድ ደቂቃ ለምንም ነገር አትለውጣትም ነበር። ለቅሶ ቤት እንኳ ብትሄድ ሰዓቱ ሳይደርስ ትመለሳለች።

እኔ ደግሞ እቃውን ጣልኩት።

የኔ ትልቁ ነጥብ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። አራት መቶ ልገባ ብዬ አንድ ጠዋት ደብቄ ይዤው ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ልጫወትና ከአስር ሰዓት በፊት ልመልሰው ነው። ጎብዬ የገበያ ቀን ስለነበር ስወርድ ግፊያው ሌላ ነው። ክፍል ገብቼ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ያገኘሁት ጠመኔ ብቻ ነበር።

ለእናቴ ባትሪው አለቀ አልኳት። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ነው፤ ባትሪው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነው አልኳት። በማግስቱ ፀሐይዋ ደጃፋችን ላይ ካለው ድንጋይ ስትደርስ እናቴ የያዘችውን ትታ ተቀመጠች። የሚጮህ ነገር ስለሌለ መቼ መነሳት እንዳለባት አላወቀችም። ብዙ ቆየች። እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

እንዲህ ስድስት ወር ሆነ። አንድ ቀን ቆቦ ገበያ፣ ፍየል ተራ ሳልፍ ጦጣዋ በለስ ስትወረውር የምታሰማው ድምፅ ጆሮዬ ገባ። ዞር ስል አንድ ጎልማሳ የፍየሎቹን ገመድ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ፣ ቁጢጥ ብሎ ይጫወታል። የዋጃ ፍየል ነጋዴ ነው። ሰይድ ይባላል።

«ይሄ የኔ ነው» አልኩት።

ቀና ሳይል «ወላሂ የኔ ነው። ጎብዬ ላይ በሙክት ለውጬ ያገኘሁት ነው» አለኝ።

«ከማን?»

«ከማላውቀው ሰው። አንተንስ መች አውቅሃለሁ?»

ሰው ከበበን። አንዱ ቀበሌ ይሂዱ አለ። እኔና ሰይድ ባንድ ድምፅ «አይሆንም!» አልን። ያን ቀን መጀመሪያ የተስማማነው በዚህ ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ሰዎች ቀበሌ የተካሰሱበት ሬዲዮ አሁንም ዜና የሚያሰማው ሊቀመንበሩ ቤት ነበር።

ስለዚህ ከብት ተራው ዳር ካለው ግራር ሥር ወደሚቀመጡት ሽማግሌዎች ሄድን። ሦስት ናቸው። የበላዩ አባ ዳምጤ የበሬም፣ የወሰንም፣ የደምም ነገር ያበረዱ ሰው ናቸው። እቃውን ተቀብለው አገላበጡት፣ አሸተቱት።

«ምልክቱ ምንድን ነው?» አሉ።

ከብት ቢሆን ጆሮው ይሰነጠቃል ወይ ይተኮሳል። እኔ ምልክት አላደረግሁበትም። ሰይድም አላደረገበትም።

«ምልክት የሌለው ከብት ሕጉ የታወቀ ነው» አሉ አባ ዳምጤ። «መንታ መንገድ ላይ ይለቀቃል። የሄደበት ቤት ያ የጌታው ነው።»

«ይሄኮ እግር የለውም» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ።

አባ ዳምጤ ሁለቱን ቁልፎች በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። «እግር ከሌለው የሚያውቀው እጅ ነው። ተራ በተራ ይያዙትና ለማን እንደሚታዘዝ እንየው።»

መጀመሪያ ለኔ ተሰጠኝ። እጄ አልቦት ቁልፉ ያንሸራትተኛል። ገበያው በሙሉ ትከሻዬ ላይ የተደገፈ መሰለኝ። አርባ አንድ ላይ ሦስተኛዋ በለስ አመለጠችኝ። ሰይድ ተቀበለኝ። ከአንድ ገዢ ጋር ስለ አንዲት ፍየል ጥርስ እየተከራከረ ስድስት መቶ አለፈ። ሰው አጨበጨበ። ሳላስበው እኔም አጨበጨብኩ።

«ልጄ፣ አያውቅህም» አሉኝ አባ ዳምጤ በሐዘኔታ።

ሊመርቁና ሊያሰናብቱን ሲነሱ እቃው ሰይድ እጅ ውስጥ ጮኸ። አስር ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። ሁሉም ዝም ብሎ አንድ ደቂቃውን ሰማ።

ጩኸቱ ሲያበቃ ሰይድ «ቆይ አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቀው» አለ። ወደኔ ዞረ። «ስድስት ወር ሙሉ ከሶላት ስነሳ እንዲህ ይጮሃል። ፍየሎቼ እንኳ ለምደውት ሲሰሙት ወደ ቤት ይዞራሉ። ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ ሰው የለም። ጌታው አንተ ከሆንክ እስቲ ንገረኝ፣ ለምንድን ነው የሚጮኸው?»

ነገርኩት። ካሳ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው አልኩ። ለውትድርና እንደተወሰደ፣ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ እናቴ ይህን ጩኸት ብላ እንደምትቀመጥ፣ እኔ ጥዬው ባትሪው አለቀ ብዬ እንደዋሸኋት፣ ያለ ጩኸትም ዛሬ ድረስ እንደምትቀመጥ ሁሉንም ተናገርኩ። ከቆሙት ውስጥ የተማሪዎቼ አባቶች ነበሩ።

ሰይድ እቃውን ኪሱ አልከተተውም። አባ ዳምጤ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ላም ብትሆን አንዱ ቤት ታድራለች፣ ወተቷን ሌላውም ይጠጣል» አሉ። «ጨዋታው ሰይድን ያውቃል፤ ጨዋታው የሰይድ ነው። ጩኸቱ የእናትየዋ ነው። እቃው እናትየዋ ቤት ይደር። ሰይድ በየገበያው ቀን እየሄደ ይጫወት፤ ሲጮህ ያስቀምጥ።» ከዚያ በጣታቸው ወደኔ አመለከቱ። «አንተ እንዳትነካው።»

ሰይድ ስለ ሙክቱ አንድ ቃል ሳይናገር «ሸጋ ፍርድ ነው» አለ።

አብረን ወደ ቤት ሄድን። እናቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ቀጥላ ከኋላዬ እቃውን ይዞ፣ ሦስት ፍየል እየጎተተ የቆመውን ሰይድን አየችው።

«ከአዲስ አበባ የመጣው ባትሪ ይሄ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ውሸቴ አንስታብኝ አታውቅም። ማንሳትም አላስፈለጋትም።

ሰይድ አራት ዓመት ያህል በየገበያው ቀን መጣ። ፍየሎቹን አጥራችን ላይ ያስራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይጫወታል። ሲጮህ ያስቀምጠውና እናቴ ስትቀመጥ እሱም መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። ባትሪው የእውነት ባለቀ ጊዜ ወልድያ ድረስ ይዞት ሄዶ ሰዓት ሠሪው ጩኸቱን እዚያው አስር ሰዓት ከሩብ ላይ መልሶ እስኪሞላ አጠገቡ ቆሞ ጠበቀ። እኔ ፍርዱን አክብሬ አልነካሁትም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቀረሁ።

ደርግ ሲወድቅ ካሳ መጣ። በወልድያ መንገድ፣ በእግሩ፣ በተቀዳደደ ላስቲክ ጫማ ነው የመጣው። መጀመሪያ እኔም አላወቅሁትም። እናቴ ግን ገና አካሄዱን ከሩቅ ስታይ እልልታዋን አቀለጠችው።

የመጀመሪያው የገበያ ቀን ሰይድ ደስታውን ሊገልጽ መጣ። ተሰብስበን ተቀምጠን ሳለ እቃው ጮኸ። እናቴ ካሳን በኩራት አየችው።

«ይኸው፣ ሰዓትህ» አለችው።

«የምን ሰዓት?» አለ ካሳ።

«ከሥራ የምትወጣበት ነዋ! አንተው ሞልተህ የላክኸው!»

ካሳ እቃውን አንስቶ አገላበጠው። «ይጮሃል እንዴ? እኔ ከአንድ መርከበኛ ገዝቼ በዚያው ቀን ለሹፌሩ ሰጠሁት። ደግሞ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። በዚህ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነኝ።»

ሰይድ የሻይ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እንግዲያው ዳኝነቱ ተበላሽቷል» አለ ኮስተር ብሎ። «አባ ዳምጤ ይጠሩልኝ።»

እናቴ አልሰማችውም። ወለሉን እያየች «ያን ሁሉ ዘመን ሳስበው የኖርኩት መርከበኛውን ነው ማለት ነው?» አለች።

ነጠላዋን አስተካከለች።

«ይሁን፣ እሱም የሰው ልጅ ነው። በደኅና አገሩ ገብቶ ይሆናል» አለች። ከዚያ እቃውን ከካሳ ተቀብላ ለሰይድ ሰጠችው። «የኔ ልጅ መጥቷል። ውሰደው፣ ያንተ ነው።» ሰይድ ሽማግሌ ሳይጠራ ተቀበላት።

እናቴ ካረፈች ቆይቷል። ልጄም ምርጫዬን ሳትመዘግበው ቀረች፤ ስልኳ ላይ የሌለ አይቆጠርም ተብላለች። እኔ ግን አሁንም ቤት ከዋልኩ አስር ሰዓት ከሩብ ሲሆን የያዝኩትን ትቼ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ለማን እንደምቀመጥ ጠይቃኝ ነግሬያታለሁ። የመርከበኛውን ስም አላውቀውም፣ አገሩንም አላውቀውም። ግን እናቴ ያን ሁሉ ዓመት ያሰበችውን ሰው ዝም ብሎ መተው ደስ አይለኝም።

አንድ ደቂቃ እቆጥርና «በል ደኅና ዋል» ብዬ እነሳለሁ።