የሄክቶር ካሴት

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚህ ይሆናል የቀለለኝ። እኔ ያጠፋሁት የሰው ዘፈን ነው። ዘፈን ማጥፋት ምን ኃጢአት አለው ትሉ ይሆናል። ቆዩ።

በፈረንጅ ዘጠናዎቹ፣ በስደት ሳለሁ፣ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ከሄክቶር ጋር አንድ ማሽን ላይ እንሠራ ነበር። ጓቴማላዊ ነው። አገሩ ሳለ ወታደሮቹን በዘፈን ይነካ ነበር፤ አብረውት የሚዘፍኑትን ሁለቱን ገደሏቸው፣ እሱ አመለጠ። የጥገኝነት ቀጠሮው ሲደርስ ሎየሩ፣ ጠበቃው ማለቴ ነው፣ ማስረጃ አምጣ አለው። የነበረው አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ ሦስቱ ገበያ መሀል ሲዘፍኑ የተቀዳ። ለሐበሻው ሁሉ ካሴት የማባዛው እኔ ስለነበርኩ ኮፒ አድርግልኝ ብሎ ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ጊታርና ስፓኒሽ። የለየሁት ሬቮሉሲዮን፣ አብዮት የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሜን ደርግ በወሰደበት ሰሞን ኩባዎች ቀበሌያችን አዳራሽ መጥተው በዚያው ቋንቋ ሲዘፍኑ፣ ቆመን በግድ አጨብጭበናል። እናቴም አጨብጭባለች። ደሜ ፈላ። ይሄም የእነሱ ወገን ነው አልኩ። ማንን ጠየቅኩ? ማንንም። እኔው ፈረድኩ፣ እኔው ቀጣሁ።

በስህተት ነው እንዳልል፣ ሄክቶር ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት የካሴቱን ጥርስ ሰብሮታል። እኔ ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ለጠፍኩና ከሬዲዮ የአየር ሁኔታ ቀዳሁበት። ሁለቱንም ገጽ። እስኪያልቅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

በማግስቱ ቴፑ በላው፣ ስለተበጣጠሰ ጣልኩት አልኩት። ፊቱ ጠቆረ እንጂ አልተቆጣኝም።

"ምንም አይደል ወንድሜ፣ እኔው እዘፍንላቸዋለሁ" አለኝ።

ጭራሽ ጠባዬን ይመሰክርልኛል ብሎ ቀጠሮው ላይ ይዞኝ ሄደ። እዚያ ያለ ጊታር ለዳኞቹ ዘፈነላቸው። አስተርጓሚዋ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው ሰማሁ፤ በነፃነት ስምም በአብዮት ስምም ጠመንጃው ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ የሚያልቀው ግን የእኛ ልጅ ነው ይላል። የእኔን ቤት ለቅሶ ነበር ሲዘፍን የኖረው።

ያኔ መነሳት ነበረብኝ። ካሴቱ ነበረ፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ብቻ። የራሴ የመኖሪያ ወረቀት ገና አልወጣም፤ ማስረጃ አጥፊ ብለው ቢመልሱኝስ? ስለ ጠባዩ ሲጠይቁኝ ጎበዝ ሠራተኛ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ዘፈኑን ትናንት ላለማውጣትህ ምን ማስረጃ አለህ አሉት። ምንም አልነበረውም። ወደ አገሩ መለሱት። ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማ የለም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ገማ። በየዓመቱ ደርግ የገደላቸው ሰማዕታት ሲታሰቡ፣ የሟች ወንድም ነውና ብለው ፊት ወንበር ያስቀምጡኛል። ሰው እያለቀሰ እጄን ይጨብጣል። ከዚያ ወንበር በምን አፌ ልነሳ? ብናገር የወንድሜን ስም ይዤ እወድቃለሁ።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እናቴ እስክትሞት ልጄን ማን ጠቆመው እንዳለች ኖራ፣ ሳታውቀው ሄደች። የሄክቶር እናት በሕይወት ካሉና እንደሷ የሚጠይቁ ከሆነ፣ የእሳቸው መልስ አለ። እኔ ነኝ።