ከቤሩት የመጣው ስልክ

ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ሳለሁ ቤሩት የምትሠራው እህቴ ስልክ ላከችልን። አምስት ዓመት ያልተያዩት እሷና እናቴ በምስል ሊነጋገሩበት ነበር። ስናበራው ግን የቀድሞ ባለቤቱን የይለፍ ቃል ጠየቀን። ቡሬ ወስጄ ለስልክ ጠጋኝ ሰጠሁት።

አገላብጦ አየና፣ «መምህር፣ ስልኩ ደህና ነው። ካምፓኒው ከባለቤቱ በቀር ለሌላ እንዳይከፈት አድርጎ ነው የሠራው» አለኝ።

«ባለቤቱ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«በእጅዎ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም።»

ግራ ገባኝ። ቤት ስደርስ እናቴ ለልጇ ልትታይ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀችኝ። ምን ልበላት? በአሮጌው ስልኬ ለእህቴ ደወልኩ።

«አሠሪዬ ናት የሰጠችኝ፤ እጠይቃታለሁ» አለች።

በማግስቱ ደወለች።

«የይለፍ ቃሉን ነገረችሽ?»

«ወንድም ዓለም፣ እሷም መክፈት ቢያቅታት ነው ለካ የሰጠችኝ።»