ሹሙን «አንቺ» ያለው ባሌ

ይህ የገጠመኝ ጋፋት ላይ ለንጉሡ መድፍ ይሠራ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ጠጉሬም ሸብቷል። ነገሩ ትዝ ሲለኝ ግን ብቻዬን ተቀምጬ እንኳ ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

ባሌ ፈረንጅ ነው። ጋፋት ብረት ከሚያቀልጡት አንዱ ነበር። እሳቱ ዓይኑን ቢያደክመው ከሥራው ተሰናበተ። እኔ ገሳይ አጠገብ ከአባቴ የወረስሁት ርስት ስላለኝ፣ እዚያ ገብተን ልንኖር አሰብን። አጎቴ ግን «ቀጥቃጭ፣ ያውም መጻተኛ፣ ከርስታችን አይገባም!» ብሎ ከአገሩ ሹም ዘንድ ከሰሰን። ሹሙ ካልፈቀደ ባሌ ወደ አገሩ መመለሱ ነው። እኔ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበርሁ።

ሹሙ ፊት ቆሞ የሚለውን ላስጠናው ተነሣሁ። «ጌታዬ፣ ከጥላዎ ሥር ያስጠጉኝ፤ ያለ እርስዎ ሰው የለኝም» ነው፤ ሌላ የለውም። የሱን በርኖስ ደርቤ፣ ሹሙን ሆኜ ከመደቡ ላይ ጉብ አልሁ። እሱ ድንጋይ ተሸክሞ ከፊቴ ተንበረከከ።

«ጌታዬ፣ ከጥላሽ ሥር አስጠጊኝ፤ ያላንቺ ሰው የለኝም» አለ።

ምን ያድርግ! ለሴት «አንቺ» ነው የሚባል እያልሁ ስቆጣው የከረምሁ እኔው ነኝ። አማርኛ ያወቀውም ከኔው አፍ ነው። ያን ጊዜውኑ ማረም ነበረብኝ። ግን ወንድ ልጅ ተንበርክኮልኝ አያውቅም፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። «ድገም» አልሁት። ደገመ። ነገ አርመዋለሁ፣ ነገ አርመዋለሁ ስል ቀጠሮው ደረሰ። ጧት መንገድ ላይ ባርመው «እሺ፣ እሺ» አለኝ። እኔ ሞኟ አመንሁ።

ሹሙ ከወይራው ሥር ተቀምጧል። ሰው እንደ ጉድ ተሰብስቧል። አጎቴ ክሱን ተናግሮ ሲጨርስ ሹሙ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለው ባሌን። ባሌ ድንጋዩን ተሸከመ፣ ተንበረከከ፣ ድምፁንም ከፍ አደረገ።

«ጌታዬ፣ ከጥላሽ ሥር አስጠጊኝ! ያላንቺ ሰው የለኝም!»

አንዱ አሽከር ቱግ ብሎ ጎራዴውን መዘዘ። አጎቴ «ሰማችሁ? ጌታችንን ሴት አላቸው!» ብሎ ጮኸ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ሹሙ በእጁ አሽከሩን አስቆመና «ማነው ይህን ያስተማረህ?» አለ።

ባሌ ምስኪኑ፣ ሊያመሰግኑኝ መስሎት በጣቱ ወደኔ አመለከተ።

ቀርቤ ጉዴን ሁሉ ዘረገፍሁት። ከመደቡ ላይ መቀመጤን፣ ድገም ማለቴን።

«በርኖስም ደርበሽ?» አለኝ ሹሙ።

«አዎን ጌታዬ፣ በርኖስም።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሹሙ ግን አልሳቀም። «እንግዲያ ዳኛው አንቺ ነሽ። በይ፣ ፍረጂ!» ብሎ ከአጠገቡ አቆመኝ።

ባሌ አሁንም እንደተንበረከከ ነው። የተባለው አልገባውም። አንገቱ ከድንጋዩ ክብደት ይንቀጠቀጣል። ከሹሙ አጠገብ መቆሜን ሲያይ ወደኔ ዞሮ «ጌታዬ፣ ከጥላሽ ሥር...» ብሎ እንደገና ጀመረ። ሳቁ ባሰ። እኔ ቤት ተቀምጬ ያስደሰተኝን ሁሉ በዚያ ሰው ፊት ሲደግመው መስማት አላስቻለኝም።

«ኧረ በማርያም! በቃው፣ ይቀመጥ!» ብዬ ጮኽሁ። ድንጋዩን ጥሎ አረፍ ይበል ማለቴ ነው።

ሹሙ ብድግ አለ። «ይቀመጥ ብላለች። ይቀመጥ! ከአገራችን ይቀመጥ፣ ርስቷንም ይረስ።»

አጎቴ «ጌታዬ፣ እሷ ያለችው እኮ...» ሲል «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ብሎ ዝም አሰኘው።

ስንመለስ ባሌ በደስታ ሊበር ምንም አልቀረው። «ለምን ሳቁ?» አለኝ። «ደስ ብሏቸው ነው» አልሁት።

ገበያ ስወጣ ዛሬም «ዳኛዋ መጣች» ይሉኛል። እሱስ ይበሉኝ፣ ለምጄዋለሁ። የባሌ አማርኛ ግን ከጠራ ቆይቷል። ሽማግሌውን አንቱ፣ ጎረምሳውን አንተ እያለ አንድ ቀን አይስትም። እንግዲህ ያን ቀን ምን እንዳለና ለምን እንደተሳቀበት አውቋል ማለት ነው። አንድም ቀን አላነሣብኝም። ቢቆጣኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቢሰድበኝ፣ በወጣልኝ ነበር።