በጎረቤት ጎታ ያለ ዘር

ትውስታዬ ዘመኑን አዛብቶት ይሆናል፤ አያቴ ግን ጥቁር ገብሳቸው ጋፋት ላይ መድፍ ይሠራ ከነበረበት ዘመን የወረደ ነው ይሉ ነበር። በየዓመቱ ከጉና ማሳቸው ካፈሱት አንድ ቁና ለጎረቤት ይሰጣሉ።

«ዘርህን በጎረቤት ጎታ አስቀምጥ» ይላሉ።

በደብረ ታቦር የዩኒቨርሲቲው የግብርና ትምህርት ቤት ሲከፈት ቁናውን ወደዚያ ላኩ።

«አባባ፣ እነሱ ደግሞ በምን ጎረቤታችን ሆኑ?» አልኋቸው።

«ጎታቸው ባዶ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ጉርብትና አለ?» ብለው ሳቁብኝ።

ባረፉ በዓመቱ በረዶ የሰፈሩን አዝመራ ሁሉ መታውና ዘሩ ጠፋ። የእሳቸው ማሳ ጦሙን አደረ። በትምህርት ቤቱ የሚዘራው ገብስ ከዚያች ቁና የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠርጥሬ ስለነበር ሄጄ እዚያ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ጠየቅሁ። የአያቴ ዘር መሆኑን አረጋገጡልኝ፤ አንድ ቁናም መለሱልን። ዘንድሮ የአያቴ ማሳ አሽቷል።