ማባዛት ለምን ያሳንሳል?

ሮቤ ከተማ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የሒሳብ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ «ስምንት ሲባዛ በግማሽ» ብለው ጻፉና መልሱ አራት ነው አሉን። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ማባዛት ማብዛት ማለት አይደል? በኦሮምኛም ‹ባይኢሱ› ነው፣ ያው ማብዛት ነው። ታዲያ ስምንት እንዴት አነሰ?»

«መጀመሪያ አነጋገርሽን አስተካክዪ፤ ሒሳቡን በኋላ ታርሚዋለሽ» አሉና አማርኛዬን እየኮረጁ ጥያቄዬን ደገሙት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እስኪደወል ድረስ ደጅ፣ ብርዱ ላይ አቆሙኝ።

አባቴ ሲናና ወረዳ ስንዴ የሚያርስ ገበሬ ነው። በማግስቱ ሥራውን ጥሎ መጣ።

«መምህር፣ እኔ አልተማርኩም። ልጄ የጠየቀችው ግን ለእኔም ጥያቄ ሆኖብኛል። እባክዎ ይመልሱላት።»

«ሕግ ነው፤ መሸምደድ ነው። እርስዎ ይልቅ ልጅዎን ሥርዓት ያስተምሩ።»

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ «ይቅርታ» አለ። ደጅ መቆሜን ረስቼዋለሁ፤ ያቺን ይቅርታ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ከዚያ በኋላ በሒሳብ ክፍል እጄን አውጥቼ አላውቅም።

መልሱን ያገኘሁት አድጌ፣ ጎባ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ፈተና እያባዛሁ ሳለ ገባኝ። ማባዛት ማብዛት ብቻ አይደለም፤ አንዱን ነገር በተባለው ልክ ደጋግሞ መውሰድ ነው። ቃሉ ከ«በዛ» የወጣው ሰው ሙሉ ሙሉውን ሲቆጥር ይመስለኛል፤ በግ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሲወሰድ መብዛቱ አይቀርም። ግማሽ ሲመጣ ስሙ እንደነበረ ቀረ። ስምንትን አንዴ ብትወስድ ስምንት ነው፤ የአንዴን ግማሽ ብትወስድ አራት ነው። አለቀ! ይኼ ነው ሕፃን ልጅ ሳለሁ ያሳቀቀኝ፣ አባቴን ያዋረደው?

አምና ጎባ መናኸሪያ አስተማሪዬን አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ መልሱንም ነገርኳቸው።

«ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው።

«ታዲያ አላውቅም አይሉም ነበር?»

«በስልሳ ልጅ ፊት?»

ደሜ ፈላ። ባለጌ ናት ብለው የተሳሳቱ መስሎኝ ስንት ዓመት ተናድጄባቸዋለሁ፤ ለካ መልሱን እንደማያውቁት እያወቁ ነው ደጅ ያቆሙኝ። ሻይ ልጋብዝሽ አሉኝ።

«ሻዩ ይቅር። አባቴ ዛሬም ሲናና ነው። ሄደው እሱን ይቅርታ ይጠይቁልኝ» አልኳቸው።

የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። አልቀለድኩም። ትቻቸው ሄድኩ፤ እሳቸውም እስከ ዛሬ አባቴ ዘንድ አልሄዱም።